እመት ድንቅነሽ ዝም ያሉ ዕለት

አባቴ ከጉድጓዱ ራስጌ ቆሞ ነበር፤ ኩታውን አደግድጎ፣ ራሱን ገልጦ። የንስሐ አባታችን መስቀላቸውን ይዘው ከአጠገቡ፣ ዲያቆናቱ ከኋላቸው። ቆፋሪዎቹ ከወጣው አፈር ላይ አካፋቸውን ተደግፈው። እናቴ ከሴቶቹ መካከል፣ በግርጌ በኩል። እህቴ የሺ ከእናቴ ጀርባ፣ የትምህርት ቤት ቀሚሷን እንደለበሰች። ባለወፍጮው ከወንዶቹ ሁሉ ፊት፣ ፀሐዩ ሳይበረታ ጥቁር ጃንጥላውን ዘርግቶ። እኔ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ካለ ድንጋይ ላይ ወጥቼ። እመት ድንቅነሽ ደግሞ በወንዶቹና በሴቶቹ መካከል ሁልጊዜ በሚተውላቸው ባዶ ቦታ ላይ፣ ብቻቸውን፣ ሁለት እጃቸውን በበትራቸው ላይ ደራርበው።

የምትቀበረው አያቴ ነበረች። ሰው ሁሉ የሚያየው ግን የእመት ድንቅነሽን አፍ ነበር።

ይህን ያስታወሰኝ የአፈር ሽታ ነው። ባለፈው መጋቢት የሺን ጆርጂያ፣ ስኔልቪል ከምትባል ከተማ ቀበርናት። እዚህ አገር ቀባሪው አፈር እንዳያይ ይደረጋል። ከጉድጓዱ የወጣውን አፈር አረንጓዴ የፕላስቲክ ሣር አልብሰውት ነበር፤ ማሽኑም እስክንሄድ ድረስ ከዛፎቹ ጀርባ ቆሞ ይጠብቃል። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ነፋሱ የሣሩን ጫፍ ገለጥ ሲያደርገው ቀዩ አፈር ታየ፤ ሽታውም መጣ። ይህን ያህል ዘመን ጆርጂያ ኖሬ አፈሩን አሽትቼው አላውቅም ነበር። የአገር ቤቱ አጥቢያችን የሚካኤል አፈር ሽታ ነው።

«አያቴ፣ ኦኬ ነሽ?» አለችኝ የልጄ ልጅ ሳራ። «መቀመጥ ከፈለግሽ መኪናውን እዚሁ ጋ ፓርክ አድርጌዋለሁ።»

«አፈሩ ሸተተኝ።»

«ዝናቡ ነው» አለችና ክንዴን ያዘችኝ።

ከቀብር መልስ ከየሺ ቤት ተቀመጥን። ከደንዉዲ ከሥራ የወጡም፣ ዱሉዝ የማታ ሥራ የሚገቡም መጥተው ነበር። የየሺ ጓደኛ ወይዘሮ ዓለምነሽ ከበሩ ሲገቡ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ማልቀስ ጀመሩ። ልጃቸው ደንግጣ፣

«ማሚ፣ ቀስ! ኔበሮቹ ፖሊስ ይጠራሉ!» አለቻቸው።

«ይጥሩ! ለማልቀስም ፐርሚት አውጡ ሊሉን ነው?»

አንዳንዱ በነጠላው ውስጥ ሳቀ። ወይዘሮ ዓለምነሽም ትንሽ ሳቁና ተቀመጡ፤ ሌላ ድምፅ አልተሰማም። ምግብ ቀረበ። ለየሺ አንዲት ስንኝ የገጠመላት ሰው አልነበረም። እኔም አልገጠምኩም፤ አልችልበትም።

እመት ድንቅነሽ የተወለዱት ከክፉ ቀን በፊት ነበር። ያ ረሃብ የአገሩን ከብት ሲጨርስ እሳቸው ገና ልጅ ነበሩ። ፊደል አልቆጠሩም። ሥራቸው ሙሾ ማውረድ ነበር። ሰው ሲሞት ተጠርተው ይመጣሉ፤ ከመካከል ይቆማሉ፤ ስለ ሟቹ አንድ ስንኝ ይላሉ፤ ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ይቀበሏቸዋል። ወንዶቹም አንገታቸውን ደፍተው ይሰማሉ፤ ግጥሙ ለሟች ብቻ እንዳልሆነ ያውቃሉና። እህል የደበቀ፣ ወንድሙን ከርስት የነቀለ፣ ሚስቱን የሚደበድብ፣ ሁሉም ከዚያ ቆሞ የራሱን ድርሻ ይሰማ ነበር። ስም አይጠሩም። መጥራትም አያስፈልጋቸውም።

እሳቸውና አያቴ፣ ሦስተኛዋ ደግሞ አበበች የምትባል ልጅ፣ አብረው ያደጉ ጎረቤታሞች ናቸው። ሦስቱንም በአንድ ጥር ዳሯቸው። አያቴ እንደነገረችኝ፣ ሙሽሮቹ ሲመጡ ሦስቱ ከደጅ ተቀምጠው ዕቃ ዕቃ ይጫወቱ ነበር፤ ከገል የሠሩትን ድስትና ሰሐን ሳያነሡ ነው በበቅሎ የተጫኑት። አበበች ሰውነቷ ሳይጠና አረገዘች፤ በምጥም ሞተች። በቀብሯ ላይ ታላላቆቹ አልቃሾች ተናግረው ሲጨርሱ፣ ልጅ አፍ በማያወጣበት ቦታ ድንቅነሽ ወደ መካከል ገቡ፤

ዕቃ ዕቃ ስትጫወት ከደጃፍ ወሰዷት፤
ዕቃውን ሳትሰበስብ አፈር አለበሷት።

የአበበች አባት ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ቤተ ክርስቲያን አልተሳለሙም ይባላል። ድንቅነሽም ከባላቸው ቤት ጠፉ። ተይዘው ተመለሱ፤ ተገረፉ፤ እንደገና ጠፉ። በመጨረሻ ሰዎቹ ሰለቻቸውና ተዉአቸው። ከዚያ በኋላ አላገቡም።

አድገው ስማቸው ሲጠራ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ሴት ልጁን ሳትደርስ የዳረ ሰው ቤት ሬሳ ቢወጣ እኔ አልገጥምም አሉ። ሰዉ መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ አንድ የታወቀ ባለርስት ሞቱ። እመት ድንቅነሽ መጡ፤ ከቦታቸው ቆሙ፤ አፋቸውን ሳይከፍቱ ተመለሱ። እሳቸው ዝም ባሉበት ሌላ አልቃሽ አይደፍርም። ባለርስቱ ዘመድ እንደሌለው መንገደኛ ተቀበሩ። ከዚያ ወዲህ በአጥቢያችን አባቶች ልጆቻቸው እስኪያድጉ መጠበቅ ጀመሩ። ደንቡን ያወጣው ዳኛም ካህንም አልነበረም።

እኔ ይህን ሁሉ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። በልጅነቴ ሙሾን የምረዳው በሌላ መንገድ ነበር። ሴቶቹ «ያለ ሙሾ ተቀበረ» ሲሉ ድምፃቸው «ያለ ፍትሐት ተቀበረ» ሲሉ እንደሚሆነው ስለሚሆን፣ እመት ድንቅነሽ ካልተናገሩ ቅዱስ ሚካኤል ሟቹን አያውቀውም፣ ከበር ውጭ ያቆመዋል ብዬ አምን ነበር።

የዚያን ዓመት የእኔ ሥራ እሳቸውን ከቤታቸው ማምጣትና መመለስ ነበር። ወሩ ኅዳር ነው፤ ከአውድማው የጤፍ ገለባ አቧራ ይነሣል፤ ጉሮሮ ይከረክራል። አያቴ ሳል ይዟት ከመደቡ አትወርድም። «ሂጂ ድንቄን አምጪልኝ» ትለኛለች። እመት ድንቅነሽ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ዓይናቸው ይከዳቸዋል፤ ስለዚህ የበትራቸውን አንድ ጫፍ ያስይዙኛል፤ ሌላውን ራሳቸው ይዘው ይከተሉኛል። በትሩ ከመያዝ ብዛት የለሰለሰ ነበር። እሳቸው ጤና አዳምና የጥጥ ፍሬ ይሸታሉ።

ከአያቴ አጠገብ ተቀምጠው ይፈትላሉ። ባዘቶውን በግራ እጃቸው ይዘው፣ እንዝርቱን በጭናቸው ላይ አሹረው ይለቁታል፤ ክሩ ሲረዝም ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ግጥም የሚሠሩት እንደዚያ ነው። ክሩ ከተበጠሰ «ይኸም አልሆነም» ይሉና ያሰቡትን ስንኝ ትተው ከአዲስ ይጀምራሉ። ክሩም ግጥሙም እኩል ያድጋል።

«እሜቴ፣ ግጥሙ ከእንዝርቱ ነው የሚወጣው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አዎን» አሉኝ። «እናትሽ ስትፈትል ወሬ ብቻ የሚወጣው እንዝርቷ ስለማይረባ ነው።»

አያቴ እስክታስላት ሳቀች። እናቴ ከጓዳ፣ «እሰማለሁ እኮ እሜቴ!» አለች።

ባለወፍጮው የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። የሞተር ወፍጮ ያቆመ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ በዕድሜ ከአባቴ ብዙም የማያንስ ሰው ነበር። ልብሱ፣ ጢሙ፣ የበቅሎው ኮርቻ ሳይቀር ዱቄት ነበረበት። ለየሺ የላስቲክ ጫማ አመጣላት። ለእኔ ምንም አላመጣልኝም፤ በጣም ቀናሁ። ወፍጮው ከትምህርት ቤታችን አጠገብ ስለነበር፣ የሺ ጠዋት ጠዋት ሩቅ እንዳትሄድ ከእርሱ ዘንድ ልትቀመጥ ነው፣ ጫማውም ለዚያ ነው ብዬ ገመትኩ። እኔስ ለምን አልሄድም ብዬ ለእናቴ አለቀስኩ። እናቴ በጥፊ መታችኝና ወዲያው አቀፈችኝ። ለምን ሁለቱንም እንዳደረገች አልገባኝም።

የሺ ያን ዓመት አራተኛ ክፍል ነበረች። አስተማሪው ጥያቄ ሳይጨርስ እጇን የምታወጣ ልጅ ነበረች። ጫማውን አንድ ቀን እንኳ አልሞከረችውም፤ ከመደቡ ሥር ወረወረችው። እኔ ሰው በሌለበት አወጣና እለካው ነበር። ሰፊ ነው፤ ሲሸት እንደ መኪና ነው።

አንድ ቀን እመት ድንቅነሽ እኔን ሳይጠብቁ ራሳቸው መጡ። አባቴ ከደጅ ተቀምጦ መንሽ ይጠግን ነበር። ተነሥቶ እጅ ነሣ።

«ደምሴ፣ ልጅቷን ልትሰጥ ነው ይሉኛል።»

«ከጥምቀት በኋላ ነው እሜቴ። ቃሌን ሰጥቻለሁ።»

«ቃልህን ከሰጠህ ልጅቷን ምን አስጨመረህ?»

«ሰውዬው ደኅና ሰው ነው። ወፍጮ አለው።»

«ወፍጮ ካለው እህል ስጠው።»

አባቴ ሳቀ፤ ክፉ ሰው አልነበረም። «እሜቴ፣ ለሽማግሌዎቹ እሺ ያልኩትን ዛሬ እንዴት እምቢ እላለሁ? ሰው ምን ይለኛል? እንግዲያው እኔ ስሞት ዝም ይበሉ። እኔ እንደሆን አልሰማ!»

«አንተን ማን አለህ?» አሉት። «እኔ ያልኩት ቤቱን ነው።»

ከውስጥ አያቴ አሳለች። የአባቴ ሳቅ ከፊቱ ጠፋ። እመት ድንቅነሽ አልፈውት ገቡ፤ እሱ የያዘውን መንሽ ሲያገላብጥ ቆየ።

ታኅሣሥ ሲገባ አያቴ ከፋባት። አንድ ከሰዓት በኋላ ከጎታው ጀርባ ተቀምጬ የጫማውን ማሰሪያ እፈታለሁ። እነሱ መኖሬን አላወቁም።

«ድንቄ፣ ቀርቤያለሁ» አለች አያቴ።

«ዝም በይ አንቺ። ከእኔ በፊት የት ትሄጃለሽ?»

«ስሞት አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺብኝ።»

«ምን አልሽ?»

«አትግጠሚልኝ። ከቀብሬ ላይ አፍሽን እንዳትከፍቺ፤ በሚካኤል ይዤሻለሁ።»

እናቴ ውኃ አምጪ ብላ ጠራችኝ፤ ወጣሁ። ተጣሉ ብዬ ደነገጥኩ። እንዲያ የሚዋደዱ ሰዎች ምን ቢነካቸው ነው እያልኩ፣ ውኃውን ግማሹን ከመንገድ አፈሰስኩት። አያቴ ተቆጥታ እንጂ ከሚካኤል በር ውጭ መቆም የምትፈልግ አልመሰለኝም። ለእናቴ ልነግር ፈለግሁ፤ ከጎታው ጀርባ ምን ትሠሪ ነበር እንዳትለኝ ፈራሁ።

የቀረውን የነገረችኝ የሺ ናት፤ ሁለታችንም አርጅተን፣ ዱሉዝ ከአንድ መጋዘን ዕቃ እያሸግን ስንሠራ፣ በምሳ ሰዓት ከመኪናዋ ውስጥ ተቀምጠን። ያን ጊዜ ከአያቴ ጀርባ ተኝታ ነበር፤ የተኛች መስላ።

«‹ለአበበች ተናገርሽላት› አለቻቸው፤ ‹ለእኔ ደግሞ ዝም በይልኝ። ልጄ ሌላውን ሁሉ ይችላል፤ የእኔን ባዶ ቀብር ግን አይችልም። ለየሺ የምተውላት ይኸው ነው፤ ሌላ የለኝም።› እሜቴ እንዝርቱን አስቀመጡ። ከዚያ ‹በላይነሽ፣ አንቺን እኮ ጀምሬሻለሁ› አሉ።»

ይህን ነግራኝ የሺ ሰዓቷን አየች፤ ወደ ሥራ ተመለስን።

በላይነሽ የአያቴ ስም ነው። «ጀምሬሻለሁ» ያሉት ግጥሙን ነበር። እኔም ይህን በዓይኔ አይቼው ኖሮ ሳላውቀው ቀርቻለሁ። በአያቴ የመጨረሻ ቀኖች እመት ድንቅነሽ ከራስጌዋ አልተነሡም፤ ለመገነዣዋ ይፈትሉ ነበር። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ እንዝርቱ ይሾራል፤ ክሩ አይበጠስም። እንዲያ ያለ ነገር ከዚያ በፊት አላየሁም። አንድ ጊዜ እንኳ «ይኸም አልሆነም» ሲሉ አልሰማኋቸውም። የአያቴ ግጥም አልቆ ነበር። ከእሳቸው በቀር የሰማው የለም።

አያቴ የሞተችው ሊነጋጋ ሲል ነው። በዚያው ዕለት ወደ ሚካኤል ወሰድናት። ፍትሐቱ አለቀ። በእኛ ዘንድ ሙሾው አፈር ከመመለሱ በፊት ነው የሚባለው፤ አፈር ከተመለሰ በኋላ እመት ድንቅነሽ ለማንም ተናግረው አያውቁም። ስለዚህ ሁሉም ቀድሜ በጻፍኩት ቦታው ቆሞ ጠበቀ። ወፍጮው ስለ ቀብሩ ቆሞ ነበርና ያ የለመድነው የሞተር ድምፅ እንኳ የለም።

እመት ድንቅነሽ የሺን እያዩ ቆሙ።

ከእኔ በታች የቆሙ ሴቶች ይንሾካሾካሉ።

«አመማቸው እንዴ?»

«ምን ያማቸዋል። ደምሴ ልጁን ሊሰጥ አይደል?»

«ታዲያ እናትየው ምን አጠፋች? ለእሳቸው እንደ እህት አይደለችም?»

«እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ።»

«አቶ ደምሴ፣ ፍትሐቱ አልቋል» አሉ የንስሐ አባታችን።

«ትንሽ እንቆይ፣ አባ።»

ቆየን። አባቴ ራስጌውን ትቶ ወደ እመት ድንቅነሽ መጣ። ድምፁን ዝቅ ቢያደርግም ጸጥታ ነበርና ተሰማ።

«እሜቴ፣ እናቴን እንደ መንገደኛ ሊያስቀብሯት ነው? የእርስዎ በላይነሽ አይደለችም?»

ዓይናቸውን ከየሺ ላይ አልነሡም። እኔ ከድንጋዩ ላይ ሆኜ፣ ጥሉ ነው፣ ቂማቸውን ይዘው መጥተዋል እያልኩ በልቤ ሰደብኳቸው። ቅዱስ ሚካኤልን ደግሞ፣ አያቴ ናት፣ ሳልዋን አታውቃትም ወይ፣ እያልኩ እለምን ነበር።

ያን ጊዜ ባለወፍጮው ጃንጥላውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረና፣

«አይጨነቁ አቶ ደምሴ» አለ። «ከወንዝ ማዶ ሌላ አልቃሽ አለች ይላሉ። ዋጋዋን እኔ ችዬ በበቅሎዬ አስመጣታለሁ።»

አባቴ ዞሮ አየው። እንግዳ ሰው እንደሚያይ ቆይቶ አየው። ቢሆንም ሰው ተሰብስቧል፤ አባቴም ቃሉ አንድ የሚባል ሰው ነበር። ወደ ራስጌው ተመለሰ።

«መልሱ» አለ።

የመጀመሪያው አፈር ከሰሌኑ ላይ ሲወድቅ ድምፁ ተሰማ። በሌላ ቀብር ላይ ይህ ድምፅ አይሰማም፤ ሙሾው ይሸፍነዋል። ሴቶቹ ጮኹ፤ የሚመራቸው ስለሌለ ግን አንዷ ስትጀምር ሌላዋ ታቆማለች፤ ደረት የሚመታው ሁሉ ለየብቻው ነው። እንደዚያ ያለ ለቅሶ ከመስማት ዝም ብሎ መዋል ይሻላል። ቆፋሪዎቹም ያፈሩ ይመስል እየተጣደፉ መለሱት። አፈሩ ጉድጓዱን ሞልቶ ከፍ ሲል፣ አባቴ በኩታው ፊቱን ሸፍኖ ቁጢጥ አለ።

«አይሆንም» አለ ከኩታው ውስጥ። ከዚያ ተነሣ። «ሰው ሁሉ ይስማኝ። ልጄ የሺ የትም አትሄድም። ትምህርቷን ትማር። ቃሌን መልሻለሁ፤ የፈለገ ይሳቅብኝ።» ወደ ባለወፍጮው ዞረ። «ጫማውንም እልክልሃለሁ።»

ባለወፍጮው ጃንጥላውን አጠፈ።

የሺ አላለቀሰችም፤ አልተንቀሳቀሰችም። እናቴ እጇን ወደ ኋላ ልካ ያዘቻት።

ሁሉም ወደ እመት ድንቅነሽ ዞረ። ሴቶቹ ሳይነጋገሩ ክቡን አሰፉላቸው፤ ነጠላቸውን አሸርጠው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ቆፋሪዎቹ አካፋቸውን አቆሙ።

«እሜቴ» አለ አባቴ፤ «እንግዲህ…»

እመት ድንቅነሽ ጉድጓዱን አዩት። አፈሩ ሞልቶ ነበር። ሲፈትሉ እንደሚያደርጉት ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ሴቶቹ ጠበቁ። ከንፈራቸው ቆመ።

በትራቸውን አነሡ። እኔ ልመራቸው ከድንጋዩ ዘልዬ ወረድኩ፤ ጫፉን ግን አልዘረጉልኝም። በአባቴ አጠገብ አለፉ። በየሺ ዘንድ ሲደርሱ ቆም ብለው የቀሚሷን አንገት አስተካከሉላት። ከዚያ ሰዉ በከፈተላቸው መካከል፣ መሬቱን በበትራቸው እየነኩ፣ በአጥሩ በር ወጥተው ሄዱ።